«አባባ ምን አሉ?»

ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም። ደብረ ማርቆስ ሞባይል እንዳልገባ፣ ወሩም ሐምሌ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ቅዳሜ ያየሁት ነው። ጎረቤታችን ብርቱካን ከገበያ ስትመለስ፣ ዘንቢሏን እንኳ ሳታስቀምጥ ስልኳ ጮኸ። አውጥታ አነበበች፤ የእኅቷ ሞት ነበር። ደግፎ የያዛት ሰው የለ፤ ከነዘንቢሏ መንገዱ ላይ ዘጭ አለች። ሽንኩርቱ ቁልቁል ተንከባለለ። እኔ ሽንኩርቱን እየለቀምኩ ልቤ ሌላ ዘመን ሄደ።

ያን ጊዜ የአንድ የአፈር ጥበቃ ፕሮጀክት ቢሮ ዘበኛ ነበርኩ። የእኔ ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል ግን ገፍቶ ተምሮ፣ ኖርዌይ ድረስ ሄዶ ነበር። የወረቀት ደብዳቤ ወር እየፈጀ ስላስቸገረው በቢሮው ኢሜይል ይጽፍልን ጀመር።

የኮምፒውተሩ ባለቤት እትዬ የሻረግ ነበረች፣ የቢሮው ጸሐፊ። የማሽኑን ሥርዓት ዩኒክስ ትለዋለች። እንደ ዛሬው ሥዕል የለው፣ በጣት የሚነካ ነገር የለው፤ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል ብቻ። ከግርጌው ትእዛዞች ተደርድረዋል፤ አንዱን ቁልፍ ስትጫን ደብዳቤ ይከፈታል፣ ሌላውን ስትጫን መልስ ይጻፋል። አማርኛውም በፈረንጅ ፊደል ነው የሚጻፈው። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ በስልክ መሥመር አዲስ አበባ ይደውልና፣ ጥቂት ተንጫጭቶ፣ ያለውን ሰጥቶ የመጣውን ይቀበላል። ክረምት ሲሆን ግን ዝናቡ መሥመሩን እየጣለ ሁሉም ባለበት ይቀራል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሮብ ገበያ ወደምትባለው የትውልድ መንደራችን ወጥቼ የመጣውን ለአባታችን እነግራቸዋለሁ። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው፤ ስደርስ ትኩስ ድንች ከነልጣጩ ይቀርብልኛል። አባባ በሽቦ የመጣ ሰላምታ አይጥማቸውም ነበር።

«በዚህ ጭቃ ሽቦው አይዋጥም?» ይሉኛል እየሳቁ። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አለፈ?» ይላሉ። የይበልጣልን የመጨረሻ ፈተና ማለታቸው ነው።

«ገና ነው፣ አባባ።»

በዚያ ሐምሌ አባባ ታመሙ ተብዬ ተጠርቼ ወጣሁ። ረቡዕ ዕለት እጄን ይዘው ያችኑ ጠየቁኝ፤ «አለፈ?» እኔም ያንኑ መለስኩ። ሐሙስ ዐረፉ።

ከቀብር መልስ ነገሩ ይበልጣል ላይ ወደቀ። የንስሐ አባታችን፣ «መርዶ ሰው ለሌለው ሰው አይጣልም። ልጁ እዚያው ደርቆ ይቀራል» አሉ። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዴት ይነገረው የሚለውን ግን ለእኔ ተዉት። ይህን ይዤ ወደ ማርቆስ ወረድኩ።

እትዬ የሻረግ የተላጨ ራሴን አይታ ብድግ አለች።

«አላምረው! ማንን ነው?»

«አባባን።»

በነጠላዋ አፏን ሸፍና አለቀሰች። ቆይታ፣ «መሥመሩ ትናንት ተጠገነ» አለችኝ፤ «የይበልጣል መጥቶልሃል። አሁን ባላነበው ይሻል ይሆን?»

«አንብቢው።»

እንዲህ ይላል፦ «አለፍኩ። ለአባባ ጮክ ብለህ ንገርልኝ። ሲሰሙ ምን አሉ? ከአፋቸው የወጣውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፍልኝ።»

ከአናቱ የተጻፈበት ቀን አለ። ማክሰኞ። አባባ እጄን ይዘው ሲጠይቁኝ ይህ ደብዳቤ ተጽፎ አልቆ አዲስ አበባ ተቀምጦ ነበር።

የመልስ ቁልፉን ተጫነች። ባዶው ገጽ ላይ አንዲት ነጭ ምልክት ብልጭ ድርግም ትላለች።

«በል፣ ምን ልበለው?»

«ደስ አላቸው በይው።»

ጣቶቿ አልተንቀሳቀሱም። «እሺ፣ ይኸንን ጻፍን። ሳምንት ደግሞ ስለ አባባ ሌላ ይጠይቃል። ያን ጊዜስ?»

«ታዲያ ሞቱ ልበለው? ሰው የለው፤ ብቻውን ይኼ መስታወት ፊት ተቀምጦ ያንብበው?»

«እሱንም አልጽፍም» አለች። ወደ ወንድሜ ደብዳቤ ተመልሳ አናቱን በጣቷ ነካች። «ይኼ አብሮ የተላከለት ደምስ የሚባለው ማነው?»

«እዚያው ያለ ያገር ሰው ነው፤ እሑድ እሑድ ቤቱ እየወሰደ ሽሮ ያበላዋል።»

«ውይ ሞኞች! ሰው እያለው ነው ሰው የለውም የምትሉት?»

የጀመረችውን መልስ ጣለችው። ማሽኑ እውነት ይጣል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አዎ አለችው። ከዚያ ለደምስ ጻፈችለት፦ «ወንድማችን፣ በዓይን አንተዋወቅም። የይበልጣል አባት ዐርፈዋል። ስለ እግዚአብሔር ብለው ሁለት ሦስት ሰው ይያዙና በማለዳ፣ እህል ሳይቀምስ ይሂዱለት። ብቻዎን አይሂዱ። ከነገራችሁትም በኋላ ጥላችሁት አትውጡ።»

ውጭ ነጎድጓድ ነበር። ማሽኑ ይደውላል፣ ይቋረጣል፤ ደግማ ታስደውለዋለች። ሌሎቹ ሠራተኞች ወደየቤታቸው ሲሄዱ እሷ ቁጭ እንዳለች ቀረች። በመጨረሻ ተንጫጫና ደብዳቤው ሄደ።

ከቀናት በኋላ የይበልጣል መልስ መጣ። «በሬን ስከፍት ጋሼ ደምስን ከነጓደኞቹ አየሁ። በማለዳ ተሰልፈው ሲቆሙ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። ግራና ቀኝ ይዘው አስለቀሱኝ።» አባባ ምን አሉ የሚለውን አልደገመውም።

በአርባቸው «አለፍኩ» ያለበትን የይበልጣልን ደብዳቤ መቃብሩ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ እትዬ የሻረግ በእኛው ፊደል ገልብጣልኝ ነበር። አክስቴ አበደ ብላ ጎተተችኝ። እኔ ግን እስክጨርስ አልተነሣሁም። ዛሬም የሚቆጨኝ ያ «ገና ነው» ያልኩት ነው። አልዋሸሁም፤ እውነትም አልነበረም። ልጃቸው ፈተናውን አልፎ ሳለ አባባ ገና እንዳላለፈ እያሰቡ ሄዱ። ይበልጣል አሁን ሸብቷል፤ ሲመጣ መቃብሩ ዘንድ አብረን እንቆማለን፣ እሱም አባባ ምን እንዳሉ አይጠይቀኝም፣ እኔም የዚያን ረቡዕ ነገር አልነግረውም።

ቅዳሜ ዕለት ሽንኩርቱን ለቅሜ ዘንቢሉ ውስጥ መለስኩና የሰፈሩን ሴቶች ጠራሁ። ዘግይቷል፤ መርዶው ቀድሞናል። ቢሆንም ብርቱካንን ግራና ቀኝ ያዟት። እኔ ከደጃፏ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ፣ ያን ሐምሌ ያሻገረችኝን ሴት ነፍስ ይማር አልኩ፤ እትዬ የሻረግን።