ከአልጋ አልጋ የዞረው ስልኬ

ባለፈው ክረምት አባቴ ሆዱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሆስፒታል ሲተኛ አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ጠያቂ እንዳይበዛ ስለተከለከለ የሰፈራችን የፈረንሳይ ለጋሲዮን ዘመድና ጎረቤት ሁሉ በእኔ ስልክ ይደውል ነበር። «ደህና ነው» ብላቸው አይበቃቸውም፤ «እስቲ ራሱን አቅርቢልኝ» ይሉኛል። የታመመ ሰው ጠያቂን መመለስ ነውር ስለመሰለኝ ለሁሉም አቀርብ ነበር። ከሁሉም የምታበዛው እናቴ ነበረች። ጉልበቷን ስለሚያማት ወደ ሆስፒታሉ የሚያስወጣውን ዳገት መውጣት አትችልም፤ በቀን ሦስት ጊዜ ትደውላለች።

«ከሆዴ ይልቅ ጆሮዬን አመመኝ እኮ!» ይል ነበር አባቴ። ሲስቅ ስልኩን በያዘበት እጁ ስፌቱን ይደግፋል።

አጠገቡ ካለው አልጋ ላይ ከእንጦጦ የመጡ አዛውንት ገበሬ ተኝተው ነበር፤ እግራቸው ላይ ያመረቀዘ ቁስል አለ። ስልክ አልነበራቸውም።

«ልጄ፣ እስቲ ለልጄ ደውይልኝ። ላሟ ወልዳ እንደሆነ ልጠይቃት» አሉኝ።

ደወልኩላቸው። ከዚያ በኋላ የክፍሉ በሽተኛ ሁሉ ይለምነኝ ጀመር። ሲመርቁኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አንዲት ነርስ ይህን አይታ «እጅሽንስ ትታጠቢያለሽ፤ ስልኩንስ?» አለችኝ።

«ስልክ ይታጠባል እንዴ?» ብዬ ሳቅኩ።

እሷ አልሳቀችም። «በአልኮል ይጠረጋል። ከአልጋ አልጋም አይዞርም።»

እሺ አልኳት። አንድ ቀን ጠረግኩት፤ በማግስቱ ረሳሁት።

በሳምንቱ የአባቴ ስፌት ቀላ፤ መግል ያዘ። መድኃኒት ቢቀየርለትም ትኩሳቱ አልወርድ አለ። የካ ሚካኤል ቀበርነው።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ መምህራችን የአንዷን ተማሪ ስልክ በጥጥ ጠርገው ጥጡን ተህዋስ በሚበቅልበት ሳህን ላይ አሹት። ከሁለት ቀን በኋላ ሳህኑ ነጫጭና ቢጫ ነጠብጣብ ሞልቶት አገኘነው።

«ውይ፣ ይሄን ነው እንዴ ጉንጫችን ላይ የምንለጥፈው!» ብለው ጓደኞቼ ሳቁ። እኔ ወጣሁ።

በኋላ መምህሩን ብቻቸውን አግኝቼ ስለ አባቴ ጠየቅኳቸው። «ከእጅም፣ ከአልጋም፣ ከስልክም ሊሆን ይችላል። አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም» አሉኝ።

ቤት እንደደረስኩ ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንድታጽናናኝም ፈልጌ ነበር። ምስር እየለቀመች ነበር። እጇ ቆመ።

«በቀን ሦስት ጊዜ እደውል ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ደክሞኛል ሲለኝ እንኳ አልዘጋም ነበር።»

«እማዬ፣ እንደዚያ ማለቴ አይደለም።»

አልሰማችኝም።

አሁን አክስቴ እዚያው ሆስፒታል ተኝታለች። እናቴ አትደውልላትም። በዚያ በሚያማት ጉልበት ዳገቱን ወጥታ፣ የአክስቴን ልጅ በር ድረስ ታስጠራና ራቅ ብላ ቆማ «እንዴት አደረች?» ብላ ትመለሳለች። ማታ ጉልበቷን በሞቀ ውሃ አሽላታለሁ። ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ ነው የምመጣው።