የቆሙ ባቡሮች ጠባቂ

ደሴ ፒያሳ፣ ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ጀርባ፣ ባጃጅ የሚጠግን አንድ ሰው አለ። ባለፈው ሰኞ ዝናቡ አባርቶ ትንሽ አየር ልቀበል በጓሮ በር ወጣ ስል፣ ሰውዬው የእጁን ግራሶ በናፍጣ እያስለቀቀ፣ ናፍጣውን ደግሞ በዱቄት ሳሙና እያሸ ነበርና፣ ሦስቱ ሽታዎች ተደባልቀው መጥተው ደጃፉ ላይ ገትረው አስቀሩኝ። «ምን ልታዘዝ እህቴ?» አለኝ። ምን ይባላል? አባቴ ሸተተኝ ይባላል?

አባቴ ሰይድ የባቡር መካኒክ ነበር። ኮምቦልቻ ተወልዶ፣ በጎረምሳነቱ እንጀራ ፍለጋ ድሬዳዋ ወርዶ፣ በአሮጌው የጂቡቲ መስመር ዴፖ ውስጥ ወለል ከመጥረግ ተነሥቶ ሞተር እስከ መፍታት የደረሰ ሰው ነው። ዴፖ ማለት የባቡሩ ራስ፣ ያ ሞተር ያለበት ጎታቹ ክፍል፣ ከመንገድ ሲመለስ የሚያድርበትና ሲታመም የሚታከምበት ትልቅ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ እኔም እስከ ስድስት ዓመቴ ያደግሁት ከዚያ አዳራሽ ጀርባ ባሉት የሠራተኛ ቤቶች ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት የምነቃው ሞተር ሲነሣ ነበር።

ከዚያ መስመሩ ተዘጋ። እንዴትና ለምን እንደተዘጋ ያኔ አልገባኝም፣ ዛሬም ብጠይቅ ሁሉም የየራሱን ነው የሚነግረኝ። እኔ የማስታውሰው ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ዕቃቸውን እየጫኑ ሲሄዱ፣ አብረውኝ የሚጫወቱት ልጆች እያነሱ እያነሱ መጥተው፣ በመጨረሻ የገመዱን አንድ ጫፍ ከበር እጀታ ጋር አስሬ ብቻዬን ስዘል ነው። ከመካኒኮቹ ሦስቱ ብቻ «ለጊዜው ንብረቱን እየጠበቃችሁ ቆዩ» ተብለው ሲቀሩ አንዱ አባቴ ነበር፤ እናቴ ዘሀራም «ለሁለት ወር ነው» ብላ እኔን ይዛ፣ ከወላጆቿ ወደ ወረሰችው የኮምቦልቻ ቤት መጣች። ሁለቱ ወር አራት ዓመት ሆነ።

የእነዚያ ሦስት ሰዎች ሥራ ለሰሚው ግራ ነበር። ሞተር ያለ ሥራ ከቆመ ባትሪው ይሞታል፣ ዘይቱ ይወርዳል፣ ብረት ከብረት ይጣበቃል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በዴፖው የቆሙትን የባቡር ራሶች ተራ በተራ እያስነሡ፣ እስኪሞቁ ጠብቀው፣ ሃያ እርምጃ ወደፊት፣ ሃያ እርምጃ ወደኋላ ነድተው መልሰው ያጠፏቸው ነበር። ከሃያ እርምጃ በላይ የሚሄዱበት የለም። መስመሩ አንድ ቀን ይከፈታል፣ የተከፈተ ዕለት ባቡሮቹ ተኝተው እንዳይገኙ ብለው፣ በረመዳንም በበዓልም ሳያጓድሉ ይህንኑ አደረጉ። እናቴ ውሃ ወቀጣ ትለው ነበር።

የዚያን ዘመን በጋ የማስታውሰው በስልክ ነው። ኮምቦልቻ በበጋ እንደ ምድጃ ትግላለች፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የእናቴ ስልክ ሲጠራ ከጓሯችን ዛፍ ሥር ተነሥቼ፣ ማንም ሳይቀድመኝ እየሮጥሁ አነሣው ነበር፤ የሚቀድመኝ ባይኖርም። አባቴ ስለ ትምህርቴ ጠይቆኝ፣ ጥርሴ መብቀል አለመብቀሉን ጠይቆኝ፣ «ቆይ እስቲ፣ እሷን ላሰማሽ» ብሎ ስልኩን ወደ ሞተሩ ያስጠጋው ነበር። «ሰማሻት? ዛሬ በአንዴ ነው የተነሣችው፣ ወላሂ!» ይለኛል። እኔም «ሰማኋት አባዬ» እለዋለሁ፤ የምሰማው ግን በረዶ ቆርቆሮ ሲደበድብ የመሰለ ጩኸት ብቻ ነበር። እናቴ ደግሞ በዚያች ሰዓት ድስት ማጠብ አይቀርባትም፣ ድስቶቹም በዚያች ሰዓት ብቻ እንደዚያ ይንቋቁ ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ስለ እኔ ካወራው ስለ ሞተሯ ያወራው እንደሚበልጥ እየታወቀኝ ሆድ ይብሰኝ ነበር። በብረት መቅናት ያሳፍራል፤ እኔ ግን ቀንቻለሁ።

ትምህርት ቤት ውስጥ አባቴ ባቡር እንደሚነዳ ተናግሬ ጥቂት ቀን ተከበርኩ። አንድ ቀን ግን አፌ አላርፍ ብሎ ሃያ እርምጃውን አወራሁና ስሜ «ሃያ እርምጃ» ሆኖ ቀረ። ሲጠሩኝ ወደፊትና ወደኋላ እየረገጡ ነበር፤ እኔም ከዚያ ወዲያ በእረፍት ሰዓት ከክፍላችን ግድግዳ ተደግፌ መቆም ለመድሁ።

በልግ ሲገባ ደሴ እንወጣ ነበር። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ዳገት ሲጨርስ ሙቀቱ ታች ቀርቶ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ይቀበለንና፣ እናቴ ነጠላዋን አጥፋ እያለበሰችኝ ፒያሳ ወደ አጎቴ ሑሴን የጨርቅ ሱቅ ትወስደኝ ነበር። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ እኔን ከጣቃዎቹ መሐል አስቀምጦ፣ ብስኩት አስይዞ፣ የማልሰማ ይመስል ከእናቴ ጋር ይጀምራል።

«ኧረ በአላህ ዘሀራ፣ ባልሽን ንገሪው! እዚህ አብሮኝ ይዋል፣ አብረን እንብላ። የቆመ ብረት ሲያስታምም ዕድሜው አለቀ እኮ።»

«ነግሬው ነግሬው ምላሴ ደረቀ። እንግዲህ አላህ ይንገረው» ትላለች እናቴ።

ብስኩቱን በጥርሴ እየሸረፍሁ፣ አላህ ለአባቴ የሚነግረው በስልክ ይሆን ወይስ በሌላ እያልሁ አስብ ነበር። ከሱቁ ውጭ ሰው ይርመሰመሳል፣ ባጃጅ ይጮኻል፣ አባቶች ልጆቻቸውን በእጃቸው ይዘው ያልፋሉ።

ኢድ ክረምት ላይ የሚውልበት ዘመን ነበርና አባቴ የሚመጣው በጭቃው ወር ነበር። ሐላዋ ይዞልኝ፣ ለእናቴ ሽቶ ይዞላት፣ እጁን ስንት ጊዜ ቢታጠበው የማይለቀውን ያንን ሽታ ይዞ ይገባል። ሁለት ሦስት ቀን ቤታችን ቤት ይሆን ነበር፤ የተንጋደደውን በር ያቃናል፣ የሚያፈሰውን ቧንቧ ያስራል፣ ማታ ማታ ጉልበቱ ላይ ተጋድሜ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሐሙስ ሲደርስ ግን ይቁነጠነጣል፤ ስታናግረው አዎ ይላል እንጂ አይሰማህም። በአራተኛው ዓመት፣ ከመሄዱ በፊት በነበረው ቀን፣ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ከመጋረጃው ጀርባ ሰማኋት። «ሰይድ፣ እንግዲህ ምረጥ። መጪው ረመዳን እዚህ ካላገኘህ የምንገናኘው ቃዲ ዘንድ ነው።» ለፍቺ ቃዲ ዘንድ የሄዱት የጎረቤቶቻችን ልጆች ግማሾቹ ከእናት፣ ግማሾቹ ከአባት ሆነው ሲቀሩ አይቻለሁና ነገሩ ገብቶኛል፤ ሌላው ግማሽ የሚሆንልኝ እህት ወንድም እንኳ የለኝም።

ስለዚህ የግራ እግር ጫማውን የማሽላው ጆንያ ውስጥ ቀበርሁት። በአንድ እግር ጫማ ሰው ሩቅ አይሄድም ብዬ ነው። አባቴ አልጋ ሥር ገባ፣ ጓሮ ወጣ፣ እኔንም ጠየቀኝ፤ ሰዓቱ ሊያልፍበት ሲል ግን በላስቲክ ነጠላ ጫማ፣ ያን ሁሉ ጭቃ እየረገጠ፣ አውቶቡስ ተራ ወረደ። ጫማውን ያገኘችው እናቴ ናት። አልተቆጣችኝም፤ ጠርጋ ከአልጋዋ ሥር አስቀመጠችው።

መስከረም ከጠባ በኋላ፣ ማሽላው እሸት ሲሆን፣ ከሠፈራችን በታች ባለው ማሳ ላይ ባለሦስት እግር መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጥተው ጫፋቸው ቀይ የተቀቡ ችካሎች እየተከሉ ሄዱ። አስተማሪያችን ባቡር በኮምቦልቻ ሊያልፍ ነው አለን። ያን ሳምንት ቅዳሜ እስኪደርስ የነበረኝ ጭንቀት! ስልኩ ሲጠራ ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ ጀመርሁ።

«አባዬ፣ እዚህም ባቡር ሊመጣ ነው። ችካል ተክለዋል።»

«ማሻ አላህ!»

እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ቀጥሎ የመጣው ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅም። «መካኒክ እየፈለጉ ነው። ስምህን አስመዘገብሁልህ። ቶሎ ይምጣ ብለዋል።»

ከኋላው ሞተሩ ሲጮህ ይሰማኛል።

«ስሜን?»

«አዎ፣ ከነአያትህ ስም።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለኝና ዘጋው። ያን ቀን እሷን አላሰማኝም።

በአራተኛው ሳምንት መጣ። በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው የመፍቻ ሣጥኑን ይዞ ነበርና፣ እናቴ ሣጥኑን ስታይ መምጣቱ የእውነት መሆኑን ዐወቀች፤ ለሳምንት ያህል ስትዘፍን ሰማኋት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔው ግን እያደር ነበር የከበደኝ። ሰኞ ዕለት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወደ ግንባታው ቢሮ ሲሄድ ከትምህርት ቤት ቀርቼ መመለሱን ጠበቅሁ። ተመልሶ መጥቶ እጁን ታጥቦ ምሳውን በላ። እናቴ «ምን አሉህ?» ብትለው «ገና ነው አሉ» አላት። እኔን ቀና ብሎም አላየኝ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ ከቤት ይወጣ ነበር። ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። አጨዳው አልቆ ማሳው ባዶ በሆነበት ወር አንድ ቅዳሜ ተከተልሁት፤ ሄዶ ሄዶ ከችካሎቹ አጠገብ ቆመ፣ ሰዓቱን አየ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ መጠበቅ ጀመረ። ስልኩ ሲጠራ ደረስሁበት። የሚያወራው ዴፖ ከቀሩት ባልደረቦቹ ከአንዱ፣ ከበቀለ፣ ጋር ነበር።

«ባትሪውን ለውጣችሁ ሞከራችሁ? ... ዘይቱንስ? ... ደግማችሁ ሞክሩ እስቲ።» ከዚያ ረጅም ጊዜ አዳመጠና፣ «በቃ ተዋት» ብሎ ገለባው ላይ ቁጭ አለ። ያቺ በስልክ የሚያሰማኝ ሞተር አልነሣ ብላ ነበር።

ቀንቼባት ሳበቃ፣ ስትሞት አለቀስሁ። «አባዬ፣ እኔ ነኝ! ማንም መካኒክ አልፈለገም። ስምህንም አላስመዘገብሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ቢሮ ነገሩህ?»

«ገና ስትነግሪኝ ነው ያወቅሁት። የአሥር ዓመት ልጅ መንገድ ላይ አግኝቶ መካኒክ የሚቀጥር ማን አለ?»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

አንድ ገለባ መዘዘ። «በቀለም ልጆች አሉት። ሌላውም አለው። ሦስታችንም አብረን እንቆያለን ተባብለን ነው የቀረነው። ልጄ ናፈቀችኝ ብሎ ጥሎ መሄድ ነውር ሆነብኝ። አገሬ ሥራ አገኘሁ ቢባል ግን ማን ይቀየማል? ሰበብ ነበር ያጣሁት፤ አንቺ ሰጠሽኝ።»

«አሁን ብትመለስስ?»

«አሁንማ እነሱንም ዋሽቻቸዋለሁ» አለኝ።

ተያይዘን ወደ ቤት ሄድን። አባቴን ያገኘሁበት ቀን ነውና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን አጠገቤ እየተራመደ እንደዚያን ቀን ብቸኛ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ለእናቴ ሁለታችንም አልነገርናትም።

ከዓመታት በኋላ በችካሎቹ መንገድ ሐዲድ ተነጠፈ፣ ጣቢያም ተሠራ፤ ባቡሩን ግን ከተማው ሁሉ እስካሁን እንደጠበቀ ነው። አባቴ ሥራ ልጠይቅ ብሎ ዳግመኛ አልሄደም፤ የወፍጮና የውሃ መሳቢያ ሞተር እየጠገነ አሳደገኝ፣ አስተማረኝ። እናቴ ቃዲ ዘንድ ሳትሄድ አብራው ኖራ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት አረፈች።

አሁን እኔ ደሴ ነኝ፣ እሱ ብቻውን ኮምቦልቻ ነው። በሚኒባስ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። በየቀኑ እደውላለሁ፣ በየቀኑም «አብሽሪ፣ ደህና ነኝ፣ ወፍጮ ቤት ነኝ፣ ሥራሽን አትተዪ» ይለኛል። ባለፈው ወር ጎረቤታችን ደውላ አባቴ ታሞ አልጋ ላይ ከወደቀ ሳምንት እንዳለፈው ስትነግረኝ የደነገጥሁ መሰልሁ። አልደነገጥሁም። ወፍጮ ቤት ነኝ ሲለኝ ከኋላው አንድም ሞተር አይሰማም ነበር። ያኔ እኔ እንዲመጣልኝ ዋሸሁት፣ እሱም ውሸት መሆኑን እያወቀ ያለውን ሁሉ ትቶ መጣ። አሁን እሱ እንዳልቸገር ይዋሸኛል፤ እኔም ውሸት መሆኑን እያወቅሁ «አልሐምዱሊላህ» ብዬ ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።