ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

ያን ድምፅ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ አዲስ የሰማሁት ዳላስ፣ የልጅ ልጄ የሜላት መማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ጉልበቴን ወደ አገጬ በሚያስጠጋ የልጆች ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የሁለተኛ ክፍል አስተማሪዋ ወጣት ሴት ናት። በእንግሊዝኛ ቀስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀቻት፣ ሜላትም ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ጥላ፣ ከንፈሯን ገርበብ አድርጋ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። እኛ ዘንድ ይህ አዎ ማለት ነው። ማንም አያስተምረውም፣ ማንም አይጽፈውም፣ ልጅ ከቤቱ ይዞት ይወጣል። አስተማሪዋ ጥቂት ጠብቃ ደግማ ጠየቀች፣ ልጅቷም ደግማ ሳበች፤ አስተማሪዋ ያን ጊዜ ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈች።

ወደዚህ የወላጅና የአስተማሪ ስብሰባ የሄድኩት ልጄ፣ የሜላት እናት፣ ሥራ ስለነበረባት ነው። «እማዬ፣ ሽፍት የሚቀይረኝ ሰው አጣሁ፣ ሶ አንቺ ሂጂልኝ፤ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኙሻል፣ ኦኬ?» ብላኝ ነበር። የምንኖረው ቪከሪ ሜዶ የሚባል የስደተኞች ሠፈር ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ከአፓርታማው በእግር ይደረሳል፤ ከበርማ፣ ከኮንጎ፣ ከአፍጋኒስታን የመጡ እናቶችን ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ አገኛቸዋለሁ፣ የምንግባባው ግን ራሳችንን ዝቅ አድርገን ሰላም በመባባል ብቻ ነው። አስተርጓሚው ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠው ስልክ ውስጥ፣ «እማማ፣ አስተማሪዋ የምትለው፣ ልጅቷ ስትጠየቅ መልስ አትሰጥም ነው። በቀን ለተወሰነ ሰዓት ከክፍሏ ወጥታ ከአራት ልጆች ጋር ለብቻ እንድትማር አስባለች። ትምህርቱ ይገባታል ወይስ አይገባትም? እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ተጠይቄው ነበር።

ያደግነው ሞጆ ነው። አባቴ ባቡር ጣቢያ ጭነት ይቆጣጠር ነበር፣ ከአማርኛ ሌላ አያውቅም፤ እናቴ ከከተማው ግማሽ ቀን በእግር ከሚያስኬድ መንደር የመጣች ኦሮሞ ነበረች። ታናሽ እኅቴ ወርቄ ጡት እንደጣለች እናቴ በተስቦ ታመመችና ልጅቷ ለእናቴ እናት ተሰጠች፤ እናቴ ስትድን ደግሞ አያታችን «ለምዳኛለች» ብላ አልመልስም አለች፣ ነገሩም ከዓመት ዓመት እየተገፋ ወርቄ ስምንት ዓመት ሞላት። እናቴ ስለዚህ ጉዳይ ስታወራ ሰምቼ አላውቅም። ምግብ ስታቀርብ ግን አልፎ አልፎ አንድ ቁራሽ አስተርፋ ለማንም ሳትሰጥ ክዳን ሥር ታስቀምጥ ነበር።

መስከረም ላይ አባቴ ሄዶ ወርቄን አመጣት። ከአያታችን ጋር የተስማሙት በአንድ ዓመት ነው፤ ትምህርቱን ካለፈች እኛ ጋ ትቀራለች፣ ከወደቀች ግን ትመለሳለች። አባቴ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ስለነበረ ይህን ስንሰማ እናቴም እኔም ነገሩ የምር መሆኑን አወቅን። እናቴ ከአሮጌ ካፖርት ላይ ቆርጣ የደብተር መያዣ ሰፋችላት፣ ሁለት ቁልፎቹንም ለጌጥ ተወቻቸው። ወርቄ አማርኛ አታውቅም ነበር። ደረቅ ጭድ የሚሸት ፀጉር ነበራት፣ ከሁሉም በላይ የገረማት የባቡሩ ጩኸት ነበር፤ በጮኸ ቁጥር የመንደሯ ከብቶች እንዳይደነግጡ ይመስል ዙሪያዋን ታይ ነበር።

የኛ ትምህርት ቤት መምህራን ስላነሱት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል በአንድ አዳራሽ ይማሩ ነበር፣ አንደኛ በበሩ በኩል፣ ሁለተኛ በመስኮቱ በኩል፤ ወርቄ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ ነበርን። ወደ ስልሳ ሳንሆን አንቀርም። የሠራተኛ ልጅ፣ የገበሬ ልጅ፣ የጉራጌ ነጋዴ ልጅ፣ የአንድ ዓረብ ባለሱቅ ልጅ፤ ሁሉም ቤቱ የሚናገረውን ይዞ ይመጣ ነበር። መምህር ተሰማ ዱላ የማይወዱ ሰው ነበሩ። አማርኛ የሚችለውን ከማይችለው ጋር አጣምረው ያስቀምጡና፣ «እኔ ክፍል ውስጥ የማን ልጅ የሚባል የለም፤ የገባውና ያልገባው ብቻ ነው ያለው» ይሉ ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ በየረድፉ እያለፉ አንድ በአንድ «ገባህ?» «ገባሽ?» እያሉ ይጠይቃሉ፣ ያልገባው ይቆማል፣ የገባው «ገባኝ መምህር» ብሎ ይቀመጣል። ወርቄ ጋ ሲደርሱ እሷ ቀና ሳትል ትንፋሿን ሳብ ታደርግ ነበር። በእናቴም ቋንቋ በአባቴም ቋንቋ አንድ የሆነ ነገር ቢኖር ያ ትንፋሽ ነበር፤ መምህሩም አዎ ማለቷ ነው ብለው ያልፏታል።

እንዳልገባት የማውቀው እኔ ነበርኩ። ስንመለስ፣ ሀዲዱን ተከትለን እየሄድን፣ «መምህሩ ምን አሉ?» ብዬ በእናቴ ቋንቋ እጠይቃታለሁ፣ እሷም «ሂን ቤኩ» ትለኛለች። አላውቅም ማለቷ ነው። ስትለው አታዝንም፣ አታፍርም፤ ዝናብ መጣ እንደሚል ሰው ነበር የምትናገረው። እኔም የቻልኩትን እነግራት ነበር፣ ግን ለእኔም ግማሹ ያልገባኝ ነበር፣ ያልገባኝንም እየጨመርኩ እነግራት እንደነበር አሁን አስባለሁ።

ኅዳር ላይ ጤፍ ሲታጨድ የገበሬ ልጆች ስለሚቀሩ ክፍሉ ይሳሳ ነበር፣ እኛም ቀደም ብለን እንለቀቅ ነበር። የዚያን ወር ቤታችን ሳቅ ነበረው። ወርቄ ከእናቴ ጋር እሳት ዳር ስትሆን ወሬዋ አያልቅም፤ የመምህር ተሰማን አካሄድ፣ ኮታቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው «ገባሽ?» የሚሉበትን ሁኔታ አስመስላ ታሳይ ነበር። እናቴ ሆዷን ይዛ እየሳቀች «ተይ፣ ሰውዬው ይሰሙሻል!» ትላታለች። አንድ ቀን አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየና ገባ። አልተቆጣም። «እቤት በአማርኛ ካልሆነ በምን ትለምደዋለች? ለሷው ብዬ ነው» አለ። ልክ ነበር፣ ወይም ያኔ ልክ መሰለን። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ለወርቄ በተሰባበረ አማርኛ ታወራት ጀመር፣ ወርቄም ለእናቷ በትንፋሽ ትመልስላት ጀመር። ቤቱ ጸጥ አለ። አባቴ ጸጥታውን መልመድ ነው ብሎ ወሰደው።

በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ መምህር ተሰማ ከአባቴ ጋር ስንሄድ እኔንና ወርቄን ገበያ መንገድ ላይ አገኙንና ከእሱ ጋር ሰላምታ ተለዋወጡ። ልጆቹ እንዴት ናቸው ተባለ። መምህሩ ወደ እኔ ዞሩና «ታናሽሽ ዝምተኛ ናት። ግን ይገባታል፣ አይደል? አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ። አባቴ ከላይ ያየኛል። አይገባትም ብል ያኔውኑ የምትመለስ መሰለኝ፤ ይገባታል ብል ደግሞ ማንም የማይረዳት መሰለኝ። የቱ ውሸት እንደሚጠቅማት ማወቅ አቃተኝ። አንገቴን ደፍቼ ትንፋሼን ሳብ አደረግኩ። መምህሩም «ጎበዝ» ብለው ትከሻዬን ነካ አድርገው ሄዱ።

በሚያዝያ ዝናብ የአዳራሹ ቆርቆሮ ሲጮህ መምህሩ ማስረዳት ይተዉና የሒሳብ ሥራ ይሰጡ ነበር፣ ያን ጊዜ ወርቄ ይቀናት ነበር። ባቄላ ደርድራ በራሷ ቋንቋ ቆጥራ መልሱን በጣቷ ታሳያለች፣ ሁልጊዜም ትክክል ነው። ይህ እኔን አጽናናኝ። እናቴንም አጽናናት፤ ለክረምት ብላ የወርቄን ቀሚስ ጠርዝ ፈትታ አስረዘመችው፣ ለሚቀጥለውም ዓመት እንዲሆን።

ሰኔ ላይ ፈተናው በቃል ነበር። መምህር ተሰማ ልጆቹን አንድ በአንድ ወደ ፊት እየጠሩ፣ ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ገልጠው ይጠይቃሉ። ወርቄ ወጣች። «ይቺ ሴትዮ ምን ይዛለች?» አሏት። ወርቄ ትንፋሿን ሳበች። «ምን ይዛለች ነው የምልሽ?» ደግማ ሳበች። «ልጁስ የት ቆሟል?» አሁንም ሳበች። ከኋላ አንዱ «መምህር፣ ጉንፋን ይዟታል!» አለና አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። መምህሩ አልሳቁም። መጽሐፉን ዘጉ፣ ለረጅም ጊዜ አዩዋት፣ ከዚያ በመስኮቱ በኩል ካለው ረድፍ እኔን ፈልገው አገኙኝ። «እኔ እኮ አንቺን ጠይቄሽ ነበር» አሉ። ድምፃቸው አልከረረም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ቃሉን ጠበቀ። እናቴ አልተከራከረችውም፤ ያስረዘመችውን ቀሚስ አጥፋ ከካፖርቱ በሰፋችው የደብተር መያዣ ውስጥ ከተተችው። እስካሁን ያልገባኝ ግን የዚያን ቀን የወርቄ ሁኔታ ነው። አያታችን ራሷ መጥታ ነበርና ገና ከሩቅ ስታያት ወርቄ እየሮጠች ሄዳ እግሯን አቀፈች፣ ያለማቋረጥ ታወራላት ጀመር፣ መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ ድምፅዋ ይሰማን ነበር። ወደ ኋላ አላየችም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ቃል ትሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ ወርቄ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ እዚያው አገባች፣ ሰባት ወለደች፣ ማንበብ ሳታውቅ አረጀች። አንድ ጊዜ ስለዚያ ዓመት ሳነሳባት «የባቡሩን ጩኸት ነው የማስታውሰው» ብላ ሳቀች። በእሷ ላይ በደል ሠርቼ እንደሆነ ወይም ውለታ እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

ይህ ሁሉ ያለፈብኝ በዚያች ትንሽ ወንበር ላይ ሲሆን፣ አስተርጓሚው «እማማ፣ ይሰሙኛል?» አለኝ። ዘንድሮ አልፈራም ብዬ፣ «ይገባታል። አዎ እያለች ነው፣ አስተማሪዋ አልሰማችም እንጂ። በትንፋሽ ነው የምትለው» አልኩት። ሰውዬው ሳቀ። «እንዴ፣ ይሄን እኔ በምን አባቴ ልተርጉመው?» አለና በእንግሊዝኛ ብዙ ካስረዳ በኋላ ራሱ ስልኩ ላይ ትንፋሹን ሳበው። አስተማሪዋ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ደነገጠች፣ ሲገባት ሳቀች፣ ራሷም ሞክራ ትን አላት። ሜላት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ሳቀች። አስተማሪዋ የጻፈችውን ሰረዘችው። እኔም የቆየ ዕዳ የከፈልኩ መሰለኝ።

በአፓርታማዎቹ አጥር በኩል እየተመለስን፣ «ሜሊ፣ ቲቸርሽ የጠየቀችሽ ገብቶሽ ነበር?» አልኳት።

«ስቶሪው? ኖ።»

«ታዲያ አዎ አላልሽም?»

«አይ ዶንት ኖው፣ አያቴ። እንደዛ ሳደርግ ቲቸሯ ዌይት ታደርጋለች፣ ከዛ ሌላ ልጅ ትጠይቃለች።»

«ሁልጊዜ?»

«ኦልዌይስ» አለችና ጠጠር በጫማዋ መታች።

እጇን ይዤ ወደ መጣንበት ዞርኩ። ወዴት እንደምሄድ ሲገባት «አያቴ ኖ! ፕሊስ፣ አትንገሪያት!» እያለች ክንዴን ትጎትት ጀመር፣ እስከ በሩ ድረስም እያለቀሰች መጣች። አስተማሪዋ ገና አልወጣችም። በስልኩ የመጣችው አስተርጓሚ ሌላ ሰው ስለነበረች ነገሩን ከመጀመሪያው መናገር ነበረብኝ። «ይገባታል ያልኩት አውቄ አልነበረም፤ አሁን ጠይቄያት አልገባኝም አለችኝ» አልኩ። አስተማሪዋ የሰረዘችበትን ወረቀት አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ አመሰገነችኝ። በማግስቱ ሜላት ከአራቱ ልጆች ጋር ለብቻ መማር ጀመረች።

ለሁለት ቀን አላነጋገረችኝም። እናቷ «እማዬ፣ በአንድ ቀን ሁለት ቃል? ማለቴ፣ ምን ይሉናል? ከዛሬ ጀምሮ እቤት በእንግሊዝኛ ብቻ እናውራላት እንዴ?» አለችኝ። እኔ እንግሊዝኛ እንደማልችል ረስታው አይደለም። ለልጅቷ ብላ ነው። ሳህን ማጠቤን ቀጠልኩ።

አሁን ሳስበው ግራ ይገባኛል። መምህር ተሰማ ለስልሳ ልጅ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፣ እሷንም ከልባቸው ይጠይቁ ነበር። እዚህ ለአንዷ ሜላት ብቻ ወፍራም ማኅደር አላት፣ ፈተናው፣ የቤት ቋንቋው፣ ጆሮዋና ዓይኗ ሁሉ ተመዝግቦ። ሰዎቹ ያኔም አሁንም ክፉ አልነበሩም። ወርቄ ከክፍል ወጥታ ደስ ብሏት ሄደች፣ ሜላት ከክፍል ወጥታ አለቀሰች፤ የቱ እንደጠቀመ የቱ እንደጎዳ በልጆቹ ፊት ላይ ማንበብ አልቻልኩም። ሁለቱም ዘንድ ግን ልጅቷ አጠገቤ ቆማ ሳለ ስለ እሷ የጠየቁት እኔን ነው፣ እኔም ሁለቱንም ጊዜ መለስኩ።

ለሐሙስ ደግሞ ከአስተማሪዋ ጋር ቀጠሮ ተይዟል። የሜላት እናት አሁንም ሥራ ስላለባት እኔው እወስዳታለሁ። ከክፍሉ በር ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ የትልቅ ሰው ወንበር አይቻለሁ። ልጅቷ ብቻዋን እንድትገባ ጠይቄ እዚያ ልቀመጥ ይሆናል።