«ተቀበል!»

ከድንበር ማዶ ገዳሪፍ፣ የስደተኞች መጠለያው ውስጥ፣ እህል አዳዩ ከፊቴ የተሰለፉትን ሽማግሌ «ተቀበል!» ሲላቸው ጎንደር ድቅን አለችብኝ።

አባቴ በፋሲል ግንብ አጠገብ ለጎብኚ ማሲንቆ የሚመታ አዝማሪ ነበር፤ እናቴ ከጎኑ እስክስታ ትወርዳለች። አንድ ቀን ሞቅ ያለው እንግዳ «ተቀበል!» አለና እናቴን የሚያዋርድ ስንኝ ሰጠው። አባቴ አንዲት ቃል ሳያጎድል እየሳቀ ዘፈነው።

«አባየ፣ ለምን ተቀበልኸው?» ብየ አለቀስሁ።

«የእኔንማ ግጥም ማን ይቀበለኛል፣ ልጄ?» አለኝ። ማሲንቆውን አቅፎ ኩርምት አለ። የበረደው መስሎኝ ነጠላየን ደረብሁለት።

«ተቀበይ!» አለኝ አዳዩ፤ ተራየ ደርሷል። ኬሻየን ዘረጋሁ። ማሽላው ነቅዟል፤ ሲፈስ እንደ አቧራ ይቦናል።

እንደ አባቴ እየሳቅሁ «ሹክራን» ብየ አመሰገንሁ።