ሦስቱ ባለችቦዎች

ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ሣር ሲታጨድ፣ ሥሩ ውሃ የቋጠረ የእርጥብ ሣርና የጥቁር ጭቃ ሽታ በመኝታ ክፍላችን መስኮት ገባና፣ የማነበውን ደብተር አጥፌ ሳላስበው ወደ ጨፌያችን ተመለስኩ።

የተወለድኩት ከቢቸና ወደ ሞጣ ከሚወስደው መንገድ ወረድ ብሎ ባለ መንደር ነው፤ ከቤታችን በታች ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ሰፊ ጨፌ ነበር። ክረምት ሲገባ ውሃው እስከ አጥራችን ድረስ ይመጣ ስለነበር፣ ሰው ደጁን ዘግቶ ስለ ባለችቦዎቹ ሲያወራ ያመሽ ነበር። ባለችቦዎቹ ቁመታቸው ከጉልበት የማይበልጥ፣ ከሣሩ ሥር ቤት ሠርተው እንደ እኛ የሚጋቡና የሚጣሉ፣ እያንዳንዳቸው ሰማያዊ ችቦ የያዙ የጨፌው ሰዎች ነበሩ። ከገበያ ጠጥቶ የሚመለሰውን ሰው በመብራታቸው እየጠሩ ሲያዞሩት ያድሩና፣ ሲነጋ ጫማውን በእጁ እንደያዘ በገዛ ጓሮው ይገኝ ነበር። አባቴ ባለችቦዎቹ የላሞችን ጅራት እርስ በርስ አስረው እንደሚሄዱ ሲያወራልን፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ይሄነው በሳቅ እንንከባለል ነበር። አንድ ነገር ግን ትልቁም ትንሹም ያውቅ ነበር፤ አንድ ወይም ሁለት ሆነው ከታዩ ለጨዋታ ነው፣ ሦስት ሆነው ከመጡ ግን ሰው ሊወስዱ ነው። ሁለት መብራት አይቶ የሞተ ሰው በመንደራችን ተሰምቶ አያውቅም።

ጥቅምት ሲመጣ ውሃው ይሸሽና፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የጨፌ ድርሻውን ለከብቶቹ ድርቆሽ ያጭድ ነበር። ድርሻ የሚለየው በድንጋይ ነበር፤ ድንጋዩን ደግሞ ክረምቱ ያሰምጠዋል ወይም ይገፋዋል፣ ስለዚህ በየዓመቱ ጭቅጭቅ አይጠፋም፣ ጭቅጭቁ እንዳይከርም ግን ሰው «ባለችቦዎቹ አንቀሳቅሰውት ነው» ብሎ ይስቅና ያልፈው ነበር። ከእኛ ቀጥሎ የሚያጭደው አዳነ ነበር፤ ሚስት ያላገባ፣ ጉልበተኛ ጎልማሳ፣ ከእናቱ ከእማማ ውዴና ከታናሽ ወንድሙ ከምንይችል ጋር የሚኖር። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አባቴ ያጨደውን እያሰርኩ ስከተለው አዳነ ማጭዱን ይዞ መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዘንድሮም ድንጋዩ እግር አወጣ?» አለው።

«ባለችቦዎቹን ጠይቃቸው» አለ አባቴ ቀና ሳይል።

«ጠይቄያቸዋለሁ። ያንተን ስም ነው የነገሩኝ።»

አባቴ ሊስቅ አፉን ሲከፍት አዳነ ድንጋዩን በእግሩ ገፋውና፣ አባቴ ሲገፈትረው በማጭዱ ክንዱን ተለተለው። አባቴ ደሙን አይቶ ዱላውን ከመሬት አነሣ። የመጀመሪያው ምት ከአዳነ ጆሮ በላይ ሲያርፍ የወጣውን ድምፅ፣ ቅል በድንጋይ ላይ ሲሰበር በሰማሁ ቁጥር እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ሁለተኛው አንበረከከው፣ ሦስተኛው በፊቱ ጭቃው ውስጥ ደፋው። አባቴ እዚያ ላይ ሊያቆም ይችል ነበር፤ ነገር ግን ጉልበቱን ጀርባው ላይ ጭኖ፣ አዳነ በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ፣ ከጭቃው የሚወጣው አረፋ እስኪቆም ድረስ ጠበቀ። እኔ የታሰረ ሣር እንዳቀፍኩ ቆሜ ነበር።

አባቴ ይዞኝ ወደ ቤት ገባና የሆነውን ለእናቴ ነግሮ፣ ክንዱን በነጠላ ጠቅልሎ፣ ከትናንት ጀምሮ ገበያ ላይ ነበርኩ ሊል በአቋራጭ ወደ ሞጣ ሄደ። እናቴ እኔን ጓዳ አስገብታ ትከሻዬን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ምን አየሽ?»

«አባዬ አዳነን…» ስል በጥፊ አጮለችኝ።

«ምን አየሽ?»

«አባዬ» አልኩ እንደገና፣ በሁለተኛው ጥፊ አፍንጫዬ ደማ። ያን ጊዜ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ይሄነውን አሳየችኝ፤ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። «ምንይችል ደም ሊመልስ ሲመጣ የሚገድለው እሱን ነው። ወንድምሽን። ምን አየሽ?»

«መብራት።»

«ስንት?»

«ሁለት» አልኳት፣ ሦስተኛው ጥፊ ከግድግዳው አላተመኝ።

«ሁለት አይገድልም» አለችና እሷም እያለቀሰች ፊቴን ታጥብልኝ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ምንይችል ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ዓይኑን ከይሄነው ላይ አልነቀለም ነበር። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ መሪጌታ አስጠርተውኝ «ልጄ፣ ያየሽውን ብቻ ንገሪን» አሉኝ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከጨፌው ውስጥ ሦስት መብራት ወጥቶ አዳነን ሲጠራው፣ እሱም ሲከተል እንዳየሁ ተናገርኩ።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ?» አለ ምንይችል። «መሪጌታ፣ አስከሬኑን አብረን አይደል ያጠብነው? የሰው ጭንቅላት በመብራት ይፈለጣል?»

እማማ ውዴ ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው ወደ እኔ መጡና፣ ያበጠ ጉንጬን በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ነኩት።

«ሦስት ነው ያልሽው?»

«አዎ እማማ።»

«ሦስት ከሆኑማ ወሳጆቹ ናቸው» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ጠመንጃውን ወዲህ በል። ጨፌ በጥይት ልትገድል ነው?»

ምንይችል ብዙ ቆይቶ ሰጣቸው። ሽማግሌዎቹ ደም የለም ብለው መርቀው ተነሡ፤ አባቴም በሳምንቱ ከሞጣ ተመልሶ ለቅሶ ደረሰ።

በጋው ገባ። እማማ ውዴ ወደ ማምሻው የአዳነን ዱላ ይዘው ወደ ጨፌው ይወርዱና፣ ውሃውንና ሣሩን እየወገሩ ባለችቦዎቹን ይረግሙ ነበር። ጭቃው ፊታቸው ላይ እስኪረጭ፣ ክንዳቸው እስኪዝል ይመቱ ነበር፤ ሕፃናት ከሩቅ ሆነው «እማማ፣ አንዱ በዚያ አመለጠ!» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። አባቴ በየጥቅምቱ ከእኛ ድርሻ ምርጡን ሣር አጭዶ፣ ሰው ሳያየው ደጃፋቸው ላይ ያስቀምጥ ነበር። እሳቸውም አያቃጥሉትም፣ ለላማቸውም አይሰጡትም፤ ደጃቸው ላይ እንዳለ ይበሰብስ ነበር። ይሄነው አደገ፣ ምንይችል አግብቶ ሁለት ልጆች ወለደ፣ በየመንገዱ ሲገናኙ ሰላም ይባባሉ ነበር።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ልመጣ ሳምንት ሲቀረኝ፣ እማማ ውዴን ልሰናበት ወደ ጨፌው ወረድኩ። ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ ምንይችል ከበስተኋላችን እያጨደ ነበር።

«ከተማ ልትሄጂ ነው አሉ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እዚያ ሰው ጨዋታ ይወዳል፣ ያገርሽን ነገር ይጠይቅሻል። ስንት ነበሩ?»

ከዚያ ከዋርካው ሥር ቀን ጀምሮ ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም ደንግጬ፣ ከሦስተኛው ጥፊ በፊት የነበረው መልስ ከአፌ ወጣ።

«ሁለት።»

ከኋላችን የማጭዱ ድምፅ ቆመ።

እማማ ውዴ ዱላውን አንሥተው ቅልጥሜን መቱኝ። በጉልበቴ ወደቅሁ። «ሦስት!» አሉ፣ ጨፌው እስኪያስተጋባ። «ሦስት ነበሩ፣ አንቺ ደንባራ! ፊደል ስትቆጥሪ ቁጥር ጠፋብሽ?» ደግመው መቱኝ። ማንኛችንም ዞር ብለን አላየንም። ማጭዱ እንደገና ማጨድ ሲጀምር፣ ሊያነሡኝ ጎንበስ አሉና ትንፋሻቸው ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

«ሁለተኛ እንዳትሳሳቺ» አሉኝ። «እኔም የቀረኝ አንድ ልጅ ነው።»

ቅልጥሜ ላይ የነበረው ቁስል ዛሬ ሽሯል። እዚህ ከመኝታ ክፍላችን መስኮት ሆኜ ወደ ከተማው ስመለከት መብራቱ ተቆጥሮ አያልቅም፣ ማንንም ሲጠራ ግን አላየሁም። ወደ ቤት ስደውል ጨፌው ግማሹ ባሕር ዛፍ እንደተተከለበት፣ እማማ ውዴም ሲመሽ አሁንም እንደሚወርዱ እናቴ ትነግረኛለች። ልጅ ሳለሁ የምፈራው ባለችቦዎቹ አንድ ቀን እንዳይመጡ ነበር፤ ዛሬ የምፈራው አንድም ቀን መጥተው እንደማያውቁ ሰው አፍ አውጥቶ እንዳይናገር ነው።