ለዛሬ የሚሠራ

የወሰዱኝ ከክትባት ክፍል ነው። ጓንቴን እንኳ አላወለቅሁም ነበር። ሕፃን የታቀፈች እናት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ መርፌውን ስትጠብቅ፣ ሁለት የታጠቁ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ስሜን ጠየቁኝ። ይህን ልጅ ልክተብና እወጣለሁ አልኳቸው። አንደኛው ራሱን ነቀነቀ፤ መፍቀዱ ይሁን መከልከሉ አልገባኝም። ከተብኩት። ከዚያ ተከትያቸው ወጣሁ።

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ያለ የእህል መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። ቀድሞ በቆሎ ይከማችበት ነበር። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በጣሪያው ቆርቆሮና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ነው። ነቀዝና የእህል አቧራ ይሸታል፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሳስነጥስ ነው የዋልኩት። ከእኔ በፊት የገቡ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ በከተማው ጨርቅና ፕላስቲክ ጫማ የምትሸጥ ባለ ሱቅ ናት። ለምን እንደተያዘች አልነገሯትም፤ ጡት ያልጣለ ልጇን ለእህቷ ሰጥታ ነው የመጣችው። ሁለተኛዋ ከዓባይ በኩል ካለ ቆላ የመጡ እናት ናቸው። ጫካ ገባ በተባለው ልጃቸው ፈንታ ነው የታሰሩት፤ እሱ ሲመጣ እርስዎ ይሄዳሉ ተብለዋል። ስገባ የተቀመጡበትን ጆንያ ግማሹን ለቀውልኝ፣ "አብሽሪ ልጄ" አሉኝ።

በማግስቱ መርማሪ ፊት ቀረብኩ። ከጋዋኔ ኪስ የተወሰደችው ቁራጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች። ሥራ ከጀመርኩ አንስቶ ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ሥራ ጽፌ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፤ የሠራሁትን እሰርዛለሁ። የማቀዝቀዣውን ሙቀት ማየት የሚለው ተሰርዟል። "ፋሻ መጠየቅ" የሚለው አልተሰረዘም። መርማሪው ጣቱን እዚያ ላይ አድርጎ ፋሻው ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለጤና ጣቢያው አልኩት። ጫካ ላሉት ቁስለኞች ታቀብያለሽ ተብሎ ተጠቁሞብሻል አለኝ። አላቀበልኩም። ዕቃ ሲያልቅብን እንዴት እንደምንጠይቅ ላስረዳው ብሞክርም አልሰማኝም። ወረቀቷን አጥፎ ፋይሉ ውስጥ ከተታት።

ከዚያ በኋላ ቀኑ መያዣ መጨበጫ አጣብኝ። ጆንያው ላይ ተኝቼ በሐሳቤ እዘረዝር ጀመር፦ መፈታት፣ ዳኛ ፊት መቅረብ፣ ባለቤቴ ያለሁበትን እንዲያውቅ ማድረግ። ሲመሽ አንዱም አልተነካም። ሲነጋ እነዚያው ሥራዎች ይጠብቁኛል። ዝርዝሩ ከእስሩ በላይ ያደክመኝ ጀመር፤ ፊቴን መታጠብም ተውኩ።

ያስነሳኝ የባለ ሱቋ ሕመም ነው። ወተቱ መውጫ አጥቶ ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠነከረ፤ ቆዳው ቀላ፤ ትኩሳት ያንቀጠቅጣት ጀመር።

"ሲስተር፣ እሞታለሁ እንዴ?" አለችኝ።

አትሞቺም አልኳት፤ ግን መድኃኒት አልነበረኝም። ምን እንደማደርግ ለራሴ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ሞቅ ያለ ውሃ መለመን። ጨርቅ ነክሮ ጡቷ ላይ መያዝ። ወተቱን በእጅ ማለብ። ስናገረው ነው የገባኝ። መፈታት የእኔ ሥራ አልነበረም፤ የዳኛው ነው። እስካሁን ስዘረዝር የከረምኩት ሰው እጅ ላይ ያለውን ነው። ውሃ መለመን ግን የእኔ ነው።

ጠባቂያችን ዝምተኛ ጎልማሳ ነበር። ለሻይ ውሃ ሲያፈላ ከውጭ ይሰማናል። በሩን አንኳኩቼ ስለምነው ከለከለኝ። ቀጣዩ ሥራ እንደገና መለመን ሆነ። ሲደክመው በቆርቆሮ ጣሳ አምጥቶ፣ ዓይኔን ሳያይ አቀበለኝ። እናትየው ጋቢያቸውን ዘርግተው ጋረዱን። ባለ ሱቋ የታለበውን ወተት ጥግ ላይ ስትደፋው አለቀሰች። ወተቷ እንዳይነጥፍ በየቀኑ መታለብ እንዳለበት፣ ስትወጣ ልጇ እንደሚፈልገው ነገርኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሥራ እናወጣ ነበር። ወረቀት ስለሌለን ከወለሉ ስንጥቅ የበቆሎ ፍሬ እየለቀምን፣ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ፍሬ ግድግዳው ሥር እናኖራለን፤ ሲሠራ ጣሳ ውስጥ እንጨምረዋለን። ማለብ፣ በተራ መጥረግ፣ ከግድግዳ ግድግዳ መመላለስ፣ ጠጉር መጎንጎን። ሳይሠራ የቀረውን ሌሊት አይጥ ስለሚበላው ጠዋት እንደ አዲስ መናገር ነበረብን። እኔም ለጀማሪ ባልደረቦቼ የምለውን ለሁለቱ እላለሁ፦ ብዙ አታብዙ፤ በትንሹ ቁረጡት፤ እጃችሁ የሚደርስበትን ብቻ ዘርዝሩ።

እናትየው አንድ ጠዋት ፍሬ አኑረው፣ "ዛሬ ቢያስደውሉኝ አልናገርም" አሉ።

አልፎ አልፎ እየጠሩ ያስወጧቸው እንደነበር እናውቃለን፤ ምን እንደሚያደርጓቸው ግን ነግረውን አያውቁም። ያን ዕለት ነገሩን። የልጃቸውን ቁጥር ደውለው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያደርጉላቸዋል። 'ታምሜያለሁ፣ ና' ይበሉት ይሏቸዋል።

"ድምፁን ሰማሁት" አሉ። "'እማ?' አለ። ዝም አልኩ።"

እኔም የማይረባ ነገር ተናገርኩ። "እማማ፣ ይሄ ሥራ አይደለም እኮ፤ አለመሥራት ነው።"

"ከመጥረግ ይከብዳል ልጄ" አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ተጠሩ። ባለ ሱቋና እኔ ምንም ሥራ ሳንነካ በሩን ስናይ ቆየን። ሲመለሱ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፍሬዋን አንስተው ጣሳው ውስጥ ጣሏት፤ ስታርፍ ድምጿ ተሰማ።

ከዚያ በኋላ ያቺን ፍሬ የማያኖሩበት ጠዋት አልነበረም።

አንድ ቀን ጠባቂው በሩን ከፍቶ፣ እማማ ዕቃዎን ይዘው ይውጡ አላቸው። ወዴት እንደሆነ አልተናገረም። ፊቱን አየሁት፤ ምንም አይነበብበትም። ባለ ሱቋ እጄን ያዘችኝ። እናትየው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተነሱ፤ ከዚያ ከጥግ ያለውን መጥረጊያ አነሱ።

"ቆይ ልጄ፣ ዛሬ ተረኛዋ እኔ ነኝ" አሉት።

መኪና እየጠበቀ ነው አላቸው። ጎንበስ ብለው ከጥጉ ጀመሩ። አልቸኮሉም፤ አልዘገዩምም። ጆንያዎቹን እያነሱ ከሥራቸው ጠረጉ። አቧራው ጠባቂው እግር ሥር ሲደርስ ቀና ብለው አዩት። አንድ እግሩን አነሳ፤ ከዚያ ጭራሽ ወደ ውጭ ወጥቶ መንገዱን ለቀቀላቸው። ጉድፉን ከደጃፉ አውጥተው መጥረጊያውን ለእኔ ሰጡኝ። አላህ ያውጣችሁ ብለው ሄዱ።

ባለ ሱቋ ከእኔ ቀድማ ተፈታች። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ልጇ መጀመሪያ ፊቱን አዞረባት፤ ኋላ ግን ጡቷን ያዘ። እኔንም የተጠቆመብኝን በቅጡ ሳያጣሩ፣ ለምን እንደፈቱኝም ሳይነግሩ ለቀቁኝ። ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። አሁንም ጠዋት ጠዋት እጽፋለሁ፤ ማታ ግን ከጤና ጣቢያው ከመውጣቴ በፊት ወረቀቱን እቀዳድደዋለሁ። ባልደረቦቼ ዝርዝርሽ ለምን አጠረ ይሉኛል። የምችለውን ብቻ ነው የምጽፈው እላቸዋለሁ። እውነት ነው፤ ግን ሁሉም አይደለም። አንዳንድ ቀን ዋናው ሥራዬ አለመፍራት ነው፤ እሱን ወረቀት ላይ አላሰፍረውም።

ባለፈው በጋ ለክትባት ዘመቻ ወደ ቆላው ስንወርድ ቤታቸውን ጠይቄ አገኘሁት። ለካ የዚያን ዕለት ወደ ቀበሌያቸው ወስደው ነው የለቀቋቸው። ከስተዋል። አቅፈው ስመውኝ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ልጃቸውን አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አላነሱም። ሰፌድ ላይ ማሽላ እየለቀሙ ስለነበር እኔም እጄን አስገብቼ ጠጠሩን አብሬያቸው ለቀምኩ። መኪናው ጥሩምባ ሲነፋ ተነሳሁ። ግንባሬን ሳሙኝ፣ ሰፌዱን ወደ ራሳቸው ሳቡና መልቀማቸውን ቀጠሉ።