በራሱ የሚዘጋ በር

በር ላይ ሰው አላስቀድምም። ሽማግሌም ይሁን ቄስ፣ አማቴም ብትሆን፣ በሩ ክፍት ከሆነ ቀድሜ እገባለሁ። በዚህ ነገር ስድብ ጠግቤያለሁ። «ያልተገራ» ይሉኛል። «ፊደል የቆጠረው ከሸበተ በኋላ ነው፤ ከየት ያምጣው» ይሉኛል። የፊደሉስ እውነት ነው፣ ከሸበትሁ በኋላ ነው የቆጠርሁት። የበሩ ነገር ግን ከፊደል ጋር አይገናኝም። ጣሊያን በገባ ጊዜ ከጎንደር በታች፣ ከጠዳ አጠገብ አንድ በር ተተክሎ ነበር፤ ጠባዬ ከዚያ በር ነው የመጣ።

ሰፈራችን ከመንገዱ በላይ ነው። እርሻችንና ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ከጉብታው ሥር። በመካከል ያለው ሜዳ የሁላችን ግጦሽ ነበር። ጣሊያን ሜዳውን በእሾህ ሽቦ አጠረና እርሻ አደረገው፤ ጎንደር ለሰፈረው ጦሩ ስንዴና ድንች ያመርትበታል። እኛ ወደ ማዶ የምንሻገርበት መንገድ ሽቦው ውስጥ ቀረ። በማዶ በኩል ወንዙ ስላለ አጥር አላስፈለገውም፤ በወዲህ በኩል ግን የመንገዱ አፍ ላይ ካንቼሎ የሚሉትን የብረት በር አቆመበት።

እንደኛ በር የሚገፋ አይደለም። ወደ ጎን ነው የሚሄድ። ከሥሩ ሁለት የብረት መንኰራኵር አለው፤ መንገዱን አቋርጦ በተቀበረ ሐዲድ ላይ ይንከባለላል። በግራና በቀኝ የሲሚንቶ ምሰሶ ቆሟል። ከአንደኛው ምሰሶ ጀርባ ጉድጓድ አለ፤ በጉድጓዱ ላይ ድንጋይ የታጨቀበት የብረት ሣጥን በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሏል። ዘበኛው መዘውሩን ሲያዞር በሩ ይከፈታል፣ ሣጥኑም ወደ ላይ ይወጣል። መዘውሩን ሲለቀው ሣጥኑ ይወርድና በሩን ጎትቶ ይዘጋዋል። ማንም ሳይነካው በራሱ ይመጣል። መጀመሪያ ያዩት ቀን ሴቶቹ አማተቡ።

ከፍቶ የሚያቆም መንጠቆ ነበረው። መንጠቆው ግን ለማኪና ነው። ሰውና ከብት ሲያልፍ ዘበኛው መዘውሩን በእጁ ይዞ ይቆያል እንጂ መንጠቆውን አያስገባም። እንዲህ ብሎ ያዘዘው ካቦ የምንለው የእርሻው አለቃ ነው፣ ጣሊያን ነው። በሩ ተከፍቶ ከቆየ ከብት ስንዴው ውስጥ ይገባል ነው ነገሩ።

ምሰሶው ላይ ጽሑፍ ያለበት ቆርቆሮ ተመትቷል፤ ከላይ በጣሊያንኛ፣ ከታች በአማርኛ። በዚያን ጊዜ ከመካከላችን ማንበብ የሚችሉ የደብሩ ቄስ ብቻ ናቸውና ቆመው አነበቡልን። «በሩ ሲሄድ በሐዲዱ ላይ መቆም ክልክል ነው» ይላል። ሰማን። ሕፃናት ሳይቀሩ በቃላቸው ያዙት። አላወቅንም ነበር የሚል ካለ ይዋሻል።

ዘበኛው የሰፈራችን ሰው ነው። የጣሊያን ደሞዝ በላ ተብሎ የማይሰደብበት ቀን አልነበረም።

«አንተ ባንዳ፣ ክፈት እንጂ! አንገቴ ተቀነጠሰ» ትለዋለች እንጨት የተሸከመች ሴት።

«ባንዳ ባይከፍትልሽ እዚሁ ታድሪ ነበር። ይልቅ እለፊ፤ አንቺ እንጨት ተሸክመሻል፣ እኔ ጉድጓድ ሙሉ ድንጋይ።»

እውነቱን ነበር። መዘውሩን ይዞ ሲቆም የአንገቱ ሥር ይገተር ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ ጎረምሳ ነኝ። አባቴ ሞቷል። እናቴና እኔ ከወንዙ ማዶ አንድ ማሳ፣ ከቤት አንድ በሬ አለን። በአንድ በሬ አይታረስምና ጎረቤታችን ከሆኑት ሽማግሌ ጋር መቀናጆ ገባን። እሳቸውም ያላቸው አንድ በሬ ነው። አንድ ቀን ለሳቸው እናርሳለን፣ አንድ ቀን ለኔ። አያ እላቸው ነበር። ሞፈር አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሲያርሱ ተሳዳቢ ናቸው፤ በሬውንም እኔንም በአንድ አፍ ይሰድቡናል። ሰው ፊት ሲደርሱ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ሰው ሳያስቀድሙ ውኃ አይጠጡም፣ ተቀምጠው ሰላምታ አይቀበሉም። እንዲህ ያለውን ሰው አገሩ ጨዋ ይለዋል።

በዚያ ክረምት ካቦው በአስተርጓሚ አስነገረ። ከወንዙ ማዶ ያለ መሬት ፍልሰታ ሲገባ ጦም አድሮ ከተገኘ የእርሻው ይሆናል አለ። የአያ ማሳ ተዘርቷል። የኔ ቀርቷል። ዝናቡ እያከታተለ ቢያስቸግረን ሐምሌ እያለቀ ነው። አንድ ስልቻ ጤፍ መሬት ውስጥ ማስገባት ነበር የሚያስፈልገኝ፤ ካልገባ እናቴና እኔ መሬት የሌለን ሰዎች ነን።

ካፍያ በነበረበት ቀን ወጣን። እኔ ቀንበርና ሞፈር ተሸክሜ በሬዎቹን እነዳለሁ፤ አያ ዘሩን በስልቻ ይዘው ይከተላሉ። ቄሱ ደግሞ ሰፈር ውስጥ የታመመ ሰው ጠይቀው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩ ላይ ደረሱብን። ዘበኛው መዘውሩን አዞረ። በሬዎቹ አለፉ፣ ተከትዬ አለፍሁ። ዞር ስል ሁለቱ ሽማግሎች እንደቆሙ ናቸው።

«ይቅደሙ አባ» ይላሉ አያ።

«ኧረ እርስዎ! በዕድሜ ታላቄ ነዎት።»

«መስቀል የያዘ ሰው ልቀድም? ምነው አባ፣ በስተርጅና ሊያባልጉኝ ነው?»

«መስቀል ሸክም አይደለም። እርስዎ ዘር ተሸክመዋል፤ ሸክም ያለው ይቀድማል።»

«ኧረ ግቡ!» አለ ዘበኛው። «አባቶቼ፣ እጄ አለቀ!»

«ይኸው አባ እየገቡ ነው» አሉ አያ። መንገድ ለመልቀቅ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው ሐዲዱ ላይ ቆመዋል፤ ጀርባቸው ወደ ምሰሶው ነው። በእጃቸው መንገዱን ያሳያሉ።

«በሞቴ ይቅደሙ!»

«በሞቴ እርስዎ!»

«አያ! ሐዲዱን ይልቀቁ!» ብዬ ጮኸሁ።

«አንተ ደግሞ በሬህን ጠብቅ» አሉኝ።

ቄሱ ሣቁና ተሸነፉ። አንገታቸውን ደፍተው ተሻገሩ። አያ በማሸነፋቸው ደስ ብሏቸው ነበር፤ ፊታቸው ላይ አይቼዋለሁ። እግራቸውን ሊያነሡ ሲሉ የረጠበው መዘውር ከዘበኛው እጅ አመለጠ። በሩ መጣ። ያ ሁሉ ብረት ሲመጣ ድምፅ የለውም፤ ውኃ ላይ እንደሚሄድ ነገር ሽው ይላል። ዳሌያቸውን ከምሰሶው ጋር አጣበቀው።

ስልቻውን አልለቀቁም። አንዲት ፍሬ ጤፍ አልፈሰሰችም።

ዘበኛው እያለቀሰ መዘውሩን መልሶ አዞረ። ካቦው በብስክሌት መጣ። ሲንበረከክ ለአያ የተንበረከከ መስሎን ቦታ ለቀቅንለት። መንኰራኵሩን ነበር የሚያይ። ሐዲዱን በጣቱ ዳሰሰ፤ አልጎበጠም። ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና ለአስተርጓሚው አንድ ነገር አለው።

«ምን ይላል?» አልሁ።

«ጽሑፍ አለ ይላል።»

ቄሱ ወደ ቆርቆሮው ቀና ብለው አዩና አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ዘበኛው በማግሥቱ ተገረፈ። የተገረፈውም በሩን ለሰው ብዙ ጊዜ ከፍተህ ያዝህ ተብሎ ነው።

ሞፈሩንና ቀንበሩን በጋቢ አስረን ቃሬዛ አደረግንና አያን ተሸክመን ወደ ቤት መለስናቸው። ወጌሻ መጥቶ ዳሰሰና እጁን ታጠበ። ይህ የኔ አይደለም ብሎ ሄደ። እሳቸው ግን ቶሎ አልሞቱም። አበጡ፣ አቃተቱ፣ ሌሊቱን ሙሉ በሬ እየነዱ ይሳደባሉ። ጎረቤት ሁሉ ቤታቸው ይውላል፤ እኔም እውላለሁ። የታመመ ጥሎ እርሻ የሄደ ሰው አይወደድም። ውጭ ሰማዩ እያባራ፣ መሬቱ ለዘር እየተመቸ ዓይኔ እያየ ያልፋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ሣሣ ሲል በዓይናቸው ጠሩኝ።

«ምነው ተገትረህ ታየኛለህ?»

«ምን ላድርግ አያ?»

«በሬዬ ዳሌው ተሰበረ?»

«አልተሰበረም።»

«እንግዲያ ጥመደው።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው! ሰው መሬትህን ያርስልሃል? ይልቅ የኔው በሬ ቀኙን ነው የለመደ፣ በግራ ጠምደህ እንዳታበላሽብኝ። ደደብ።»

ከዚህ ሌላ አልተናገሩኝም።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሁለቱን በሬዎች ነድቼ ወጣሁ። ስልቻው በትከሻዬ ነው። በሩ ዘንድ ስደርስ ከበስተኋላዬ፣ ከሰፈሩ፣ ጩኸት ተነሣ። የምን ጩኸት እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ዘበኛው ቆሞ አየኝ። ጀርባው ገና አልደረቀም፤ ሸሚዙ ተጣብቆበታል።

«አልሰማህም?» አለኝ።

«ሰምቻለሁ። ክፈት።»

«በሬውም የሳቸው ነው እኮ።»

«በሬውም የሳቸው ነው። ክፈት።»

በአገራችን ሬሳ ሳይቀበር ቀንበር አይጫንም። ጠላት እንኳ ቢሞት ሞፈር ይሰቀላል። ይህን እያወቅሁ ጠመድሁ። ጭቃው ሸጋ ነበር፣ ለጤፍ የሚሆን። የሳቸውን በሬ በቀኝ አደረግሁ። ጩኸቱ ከወዲያ እየመጣ፣ እኔ ከወዲህ «ና! ሂድ!» እያልሁ የመጨረሻውን እርሻ ጨረስሁና ዘሩን በተንሁ። አላለቀስሁም። ለቅሶ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ሁለቱም እጆቼ ተይዘው ነበር።

ዘሩን እንደጨረስሁ ቀብሩ ሲመጣ አየሁ። በሩ ከማሳዬ ወለል ብሎ ይታያል። ቃሬዛው ምሰሶው ጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ ቆመ። ዘበኛው መዘውሩን አዞረ፤ ከዚያ ጎንበስ አለና መንጠቆውን አስገባ። የማኪናውን መንጠቆ። እጁን ለቀቀና ራሱን ገልጦ ቆመ። በሩ አልተንቀሳቀሰም። አያን ማንም ይቅደሙ አላላቸውም፤ ቀድመው ገቡ።

በሬዎቹን ፈትቼ፣ ጭቃዬን ሳልታጠብ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገባሁ። ሰው እንደ ለምጻም መንገድ ለቀቀልኝ። አንዱ ወደ ጎን ምራቁን ተፋ። የአያ ሚስት ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ፊታቸው ደም በደም ሆኖ መቃብሩ አፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው እግሬን አዩ፣ እጄን አዩ።

«ዘራኸው?»

«ዘራሁት።»

«ሸጋ» አሉና ወደ ለቅሷቸው ተመለሱ።

ጤፉ በቀለ። ካቦው ፍልሰታ ሲገባ በወንዙ ዳር ተመላልሶ አየው፤ ምንም ሊል አልቻለም። በኅዳር አጨድሁ፣ እኩሌታውን ለመበለቲቱ አገባሁ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ።

የአያ በሬ ግን ከአዝመራው በፊት፣ በአርባው፣ ለተዝካራቸው ታርዷል። ካህናቱ በሉ፣ አገሩ በላ፣ እኔም በላሁ። ሥጋው ጠንካራ ነበር፣ የሥራ በሬ ነውና። አንድ በሬ ይዤ ቀረሁ። በሚቀጥለው ዓመት መቀናጆ ፍለጋ በየቤቱ ዞርሁ። «ሬሳ ቤት ተጋድሞ ቀንበር ከሚጭን ሰው ጋር?» ነበር መልሱ። ፊት ለፊት ያለኝ አንድ ሰው ነው፤ የቀረው በሬው ታመመ፣ ቃል ገባሁ፣ ዘመድ ቀደመህ ይላል። ጨዋዎች ናቸውና ሰው አያስቀይሙም። ማሳው ጦም አደረ። ፍልሰታ ሲገባ ሽቦው ወንዙን ተሻግሮ፣ ማሳዬን በመካከሉ ይዞ አለፈ። እናቴ አንድ ቀን ሄዳ በሽቦው ላይ አይታው ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ ወደ ወንዙ አልወረደችም። ጣሊያን ወጥቶ መሬቱ ሲመለስልኝ እሷ አልነበረችም።

ጣሊያን በወጣ ሰሞን በሩን ሰው ነቀለው። ብረቱን ቀጥቃጮች ወሰዱት፣ ገመዱን ማን እንደወሰደው እንጃ። ሐዲዱም ተቆፍሮ ወጣ። ሽቦው ተጠቅልሎ ለአህያ በረት ሆነ። ሁለቱ ምሰሶዎች ብቻ ቀሩ፤ ሲሚንቶ ለማንም አይረባም። ዛሬ በግራም በቀኝም ባዶ ሜዳ ነው፣ እንደፈለጉ መሻገር ይቻላል። ሰው ግን ለምዶበት በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ነው የሚያልፍ። እሑድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወርድ አያቸዋለሁ። ሁለት ሽማግሎች ምሰሶው ጋ ይደርሱና ይቆማሉ።

«ይቅደሙ።»

«ኧረ በሞቴ!»

እኔ በሜዳው ዞሬ አልፋለሁ።